የኤርሜስ ልብ ሲለካ

ኤርሜስ ዜናሮ በሠላሳ ሦስት ዓመቱ ሦስት ነገር አሳምሮ ያውቅ ነበር፤ ሸርጣን ማጥመድ፣ መቅዘፍና ዝም ማለት። ሁለቱን ከአባቱ ተማረ። ዝም ማለትን የተማረው እናቱ ኤልዳ በምትናገርበት ቤት ስላደገ ነው።

ቬኒስ አጠገብ ባለው በቡራኖ ደሴት ላይ የቀዛፊ ማዕረግ የሚታወቀው ሳሎኑ ውስጥ በተሰቀለው ባንዲራ ነው። ከውድድር አንደኛ የወጣ ቀይ ይወስዳል፤ ሁለተኛ ነጭ፣ ሦስተኛ አረንጓዴ፣ አራተኛ ሰማያዊ። ከዚያ በታች የወጣ በጓሮ በር ይገባል። የኤርሜስ ሳሎን ነጭና አረንጓዴ ሞልቶታል። ከመስከረሙ ትልቅ ውድድር ግን ቀይ አምጥቶ አያውቅም። ከእህቱ ባል ከዶሪያኖ ጋር ሁለት ዓመት በተከታታይ ሁለተኛ ወጥተዋል። በዚያ ዓመት ደሴቱ ላይ «ዘንድሮ የእኛ ነው» የማይል አልነበረም። ተቀናቃኞቻቸውም ይሉት ነበር፤ እርግጥ እነሱ የሚሉት ስለ ራሳቸው ነው።

በአገሩ ሕግ ተወዳዳሪ በየዓመቱ ልቡን ሳያስመረምር ጀልባ ላይ አይወጣም። የካቲት ላይ ኤርሜስ ቬኒስ ሄደ። የስፖርት ክሊኒኩ በከተማዋ ሰሜን ዳር፣ ከውሃው ጋር ግድግዳ ለግድግዳ ነው። የልብ ሐኪሟ ፍላቪያ ትሬቪዛን ከአሥራ ስድስት ዓመቱ ጀምሮ የምታውቀው ናት። እሷ የቤሉኖ ተራራ ልጅ ናት፤ እዚህ ሃያ ዓመት ኖራ ዛሬም ጀልባ ላይ ስትወጣ የሰው ትከሻ ትይዛለች።

በግራ ጎኑ አስተኛችው። ደረቱ ላይ ቀዝቃዛ ጄል ቀብታ የአልትራሳውንዱን መሣሪያ ከጎድን አጥንቶቹ መሃል አስጠጋች። ስክሪኑ ላይ ልቡ ይከፈታል፣ ይዘጋል።

«ትንፋሽህን ያዝ።»

ያዘ። ለካች። ሌላ ቦታ ለካች። ተመልሳ የመጀመሪያውን ለካች።

«ኤርሜስ፣ መተንፈስ ትችላለህ እኮ።»

«ረስቼው ነው።»

ሁለቱን የታች የልብ ክፍሎች የሚለየው ግድግዳ አሥራ አራት ሚሊሜትር ሆኖ ተገኘ። የማንኛውም ሰው አሥር ቢሆን ነው። የጠንካራ ስፖርተኛ አሥራ ሁለት ይገባል፤ አልፎ አልፎ አሥራ ሦስት። የግራው ክፍልም ሰፍቷል፤ እሱ ግን የቀዛፊ ወጉ ነው፤ አላስጨነቃትም። ያስጨነቃት ግድግዳው ነው።

«ይኸውልህ» አለችው ስክሪኑን ወደሱ አዙራ። «ይሄ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ስትቀዝፍ የደነደነ ጡንቻ ነው፤ እንደ ክንድህ። ወይ በሽታ ነው። ጎረምሶችን በውድድር መሃል ዘጭ የሚያደርገው በሽታ።»

«አይለዩም?»

«አንዳንዴ ቅርጹ ይነግርሃል። ያንተ መሃል ላይ ቆሟል።»

ፓዶቫ ከተማ ተልኮ ልቡን በማግኔት መሣሪያ፣ በኤምአርአይ ተነሣ። እሱም ቁርጡን አልተናገረም። የቀረው መንገድ ቀላል ነው፤ ማረፍ። ጡንቻ ከሆነ ባለቤቱ ሲያርፍ ይሳሳል። በሽታ ከሆነ ባለበት ይቀራል።

«ካልሳሳስ?»

«መወዳደር የለም። ለሁልጊዜ።»

ፍላቪያ በሥራዋ የማትቀልድ ሴት ናት። ሦስት ወር አለችው። ልምምድ የለም፣ ሩጫ የለም፣ ብስክሌት የለም፣ ብረት ማንሳት የለም።

«ሥራስ?»

ከመስኮቷ ሥር በየጠዋቱ የሚያልፉትን ዓሣ አጥማጆች አሰበች። ሞተራቸው እየጮኸ፣ ሲጋራ በአፋቸው፣ አንድ እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ። «ሥራህን ሥራ» አለችው። «ብቻ ራስህን አታድክም።»

ቤት ሲደርስ ዶሪያኖ እየጠበቀው ነበር። «ልብህ ወፈረ አሉ? የኔ ሆዴ ነው የወፈረው፤ ማንም ከልክሎኝ አያውቅም።»

ኤልዳ ከማጀት ብቅ አለች። «ልቡ ማበጡን ለማወቅ ማሽን አስፈለጋቸው? እኔን አይጠይቁኝም? ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ ያበጠ ነው።» ብላ ተመልሳ ገባች። የታጠበ ድስት እንደገና ስትፈትግ ተሰማች።

ኤርሜስ የታዘዘውን ፈጸመ። የውድድር መቅዘፊያውን ለዶሪያኖ አስረከበ። ብስክሌቱን ለጎረቤት አዋሰ። የሕዝብ ጀልባ ሊያመልጠው ሲል እንኳ አልሮጠም፤ አመለጠው። ማታ ማታ ዶሪያኖ ብቻውን ሲለማመድ ከድልድዩ ላይ ያየው ነበር፤ ኋላ ግን ማየቱንም ተወው።

ጸደይ ሆነ። በጸደይ ሸርጣን ጠንካራ ቅርፊቱን ያወልቃል። አውልቆ ለጥቂት ሰዓት እንደ ቅቤ ይለሰልሳል፤ በዚያች ሰዓት ካልተለቀመ መልሶ ይደነድንና ዋጋ ያጣል። ስለዚህ አጥማጁ ጠዋትም ማታም ሸርጣኖቹን ውሃ ውስጥ ካኖረባቸው ቅርጫቶች አይለይም። ኤርሜስም አልተለየም። ሥራህን ሥራ ተብሏል።

ግንቦት መጨረሻ ላይ ተመልሶ ጎኑ ላይ ተኛ። ፍላቪያ ለካች። አሥራ አራት። ከላይ ለካች፤ ከጎን ለካች። አሥራ አራት።

«አልተነቃነቀም» አለች።

ኤርሜስ ጣሪያውን አየ። «እሺ።»

«በጣም አዝናለሁ።»

«እሺ።»

ተነሣ። ጄሉን ከደረቱ ጠረገ። ሸሚዙን ሲቆልፍ አንዱን ቁልፍ ዘለለው፤ እንደገና ፈትቶ ቆለፈ። ፍላቪያ ስለ ሌላ ሕይወት፣ ወጣቶችን ስለ ማሠልጠን፣ እንዲህ ያለው ሰዓት ላይ ስለሚባለው ሁሉ ተናገረች። እሱ በመስኮቱ ውሃውን ያይ ነበር።

«ይቅርታ ዶክተር፤ ልሂድ። የውሃው ፍሰት መዞር ጀምሯል። ከቆየሁ ፊት ለፊት ነው የሚመታኝ።»

«የሕዝቡ ጀልባ በየግማሽ ሰዓቱ አለ እኮ። አትቸኩል።»

«ሁለት ቅርጫት ሸርጣን ይዤ? ሰው ይቆነጥጡብኛል።»

«ታዲያ በምን መጣህ?»

«በጀልባዬ።»

ፍላቪያ ወደ መስኮቱ ሄደች። ከታች፣ ከድንጋዩ ደረጃ ጋር የታሰረች ጥቁር ጠፍጣፋ ጀልባ አለች። ሁለት እርጥብ ቅርጫቶች፣ አንድ ባልዲ፣ አንድ ረጅም መቅዘፊያ።

«ሞተሩስ?»

«የምን ሞተር?»

«ከቡራኖ እዚህ ድረስ ማን ቀዘፋት?»

ኤርሜስ ሌላ ሰው ክፍሉ ውስጥ ያለ ይመስል ዞር ብሎ አየ። «እኔ።»

«አቁም አላልኩህም?»

«አቁሜያለሁ! እናቴ ትቅበረኝ! የውድድሩን ጀልባ በዓይኔ አላየሁትም። ብረት አላነሣሁም። ዶሪያኖን ጠይቂው… ይቅርታ፣ ይጠይቁት።»

«መረብህ ዘንድ በምን ትሄዳለህ?»

«በዚህችው።»

«በየቀኑ?»

«ሸርጣን እሑድ አያውቅም።»

«ለስንት ሰዓት ያህል ትቀዝፋለህ?»

አሰበ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ቀርቦለት አያውቅም። «ጠዋት ለሁለት ሰዓት ያህል። ማታም ለሁለት። ነፋስ ካለ ትንሽ ይጨምራል። ግን እሱ ሥራ ነው ዶክተር። አታድክም ብለውኛል፤ ደክሞኝ አያውቅም።»

ፍላቪያ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ኤርሜስ የምታለቅስ መስሎት ደነገጠ። እየሳቀች ነበር። ነርሷ ምን ተፈጠረ ብላ በሩን ከፈተች፤ እሷም ምን እንደሆነ ሳታውቅ ሳቀች።

ዜናሮዎች ሞተር የላቸውም። ደሴቱ ላይ እንዲህ ያሉ የቀዛፊ ቤቶች ጥቂት ቀርተዋል። ወደ መረቡ በሞተር የሄደ ክንድ በመስከረም ያፍራል ብለው ያምናሉ። ለነሱ መረብ ድረስ መቅዘፍ ሌላው ሰው ዳቦ ሊገዛ እንደሚወጣው ነው። ዳቦ መግዛቱን ልምምድ ብሎ የሚቆጥር የለም። ፍላቪያም በሃያ ዓመት ውስጥ የመረመረቻቸው ቀዛፊዎች ሁሉ ሥራ የሚሄዱት በሞተር ነው ብላ ታምን ነበር፤ ጠይቃ አታውቅም።

«ስማኝ» አለች ዓይኗን እየጠረገች። «አልሳሳም ማለት ታመሃል ማለት አይደለም። አላረፍክም ማለት ነው። እንደ አዲስ እንጀምራለን። ሦስት ወር። መቅዘፊያ በእጅህ አትነካም፤ ለሥራም፣ ለዳቦም፣ ለጸሎትም።»

«ምዝገባው ሰኔ ላይ ይዘጋል።»

«ዘንድሮ አትወዳደርም። እሱን ልመልስልህ አልችልም። ከዘንድሮ ወዲያ ያለውን ግን ገና አላጣኸውም።»

ኤርሜስ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። ከዚያ ፊቱ ተቀየረ። «ታዲያ አሁን እንዴት ነው ቤቴ የምገባው?»

ጀልባዋን ዶሪያኖ መጥቶ ጎተታት። በሞተር። ኤርሜስ መሬት መሬቱን እያየ ገባ።

በማግስቱ ጥያቄው ቀረበ፤ ማን ይቀዝፋል? ዶሪያኖ ሞተር አዋሳለሁ አለ። ኤልዳ የገበታ ጨርቅ እያጠፈች ነበር። «እኔ በሕይወት እያለሁ ሞተር እዚህ ቤት አይገባም» አለች። ስልሳ ስምንት ዓመቷ ነው። በወጣትነቷ የሴቶቹን ውድድር ሁለት ጊዜ በቀይ ጨርሳለች፤ ባሏ ቀዮቹን ሳሎኑ ውስጥ ከራሱ ነጭ ባንዲራዎች በላይ ሊሰቅላቸው ተገዷል። መቅዘፊያውን አንሥታ በጀልባዋ ኋላ ቆመች። ልጇን ፊት ለፊቷ ቅርጫቶቹ መሃል አስቀመጠችው። «እጅህን ጭንህ ላይ» አለችው።

ደሴቱ እንዲህ ያለ በጋ አይቶ አያውቅም። ገና ከቦዩ ሳይወጡ ሰው በየመስኮቱ ይሰለፍ ነበር።

«ሙሽራው መጣ!»

«ኤርሜስ፣ ትራሱ ተመችቶሃል?»

«ኤልዳ! ልጅሽ ጥርስ አወጣ ወይ?»

«ጥርስማ አውጥቷል» ትላለች ኤልዳ ምቷን ሳታቋርጥ፤ «ጡት ማስጣሉ ነው ያቃተኝ!»

ኤርሜስ ጆሮው እስኪቀላ ይታገሣል። እንኳን መቅዘፊያ፣ ባልዲ ሊያነሣ ሲጎነበስ ከዳር ይጮሁበታል። የክሊኒኩን ስልክ ደሴቱ ሁሉ አገኘው። ፍላቪያ ሌላ በሽተኛ እየመረመረች ትጠራ ጀመር፤ «ዶክተር፣ ኤርሜስ አሁን የጎረቤቱን ማቀዝቀዣ ደረጃ ሲያወጣ አይቼዋለሁ።» «ዶክተር፣ እኔ ነገር አላቀብልም፤ ግን ትናንት ዋኝቷል።» ሐምሌ ላይ ነርሷ «ቡራኖ ነው» ስትላት ፍላቪያ ስልኩን መቀበል ተወች።

ኤርሜስ ወፈረ። ሱሪው ጠበበው። እናቱ ቀጠነች፤ ጉንጯ በፀሐይ ቀላ፤ ሰላምታዋ ሳይቀር ፈጠነ።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ሦስቱም መጡ። ፍላቪያ ኤልዳና ዶሪያኖ በር ላይ እንዲቆዩ ጠየቀች። ዶሪያኖ ቆየ። ኤልዳ ገብታ ወንበር ሳበች፤ ጭኗ ላይ በጨርቅ የተጠቀለለ የእንቁላል ብስኩት አስቀመጠች።

ጄል። ጎን። ትንፋሽ። ስክሪኑ ላይ ልቡ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ፍላቪያ ለካች። ከጎን ለካች። የኤልዳ ጫማ መሬቱን መምታት ጀመረ።

«እትዬ ኤልዳ፣ እባክዎ።»

ጫማው ቆመ።

«አሥራ አንድ ተኩል» አለች ፍላቪያ።

ኤርሜስ አንገቱን ቀና አደረገ። «ቀነሰ?»

«ቀነሰ። ጡንቻ ነበር። የመቅዘፊያ ጡንቻ። ልብህ ደህና ነው።»

«በስንት ቀነሰ?» ኤልዳ ጠየቀች።

«በሁለት ሚሊሜትር ተኩል።»

ኤልዳ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መሃል ክፍተቱን ለካችው። በዚያች ክፍተት ውስጥ ሐኪሟን አጮልቃ አየቻት። «ለዚህች ነው ክንዴ የተቆረጠው?»

«ለዚህች ነው።»

አሮጊቷ ተነሥታ ፍላቪያን ጉንጮቿን ስማ ብስኩቱን እቅፏ ውስጥ ጣለችባት። ከዚያ ልጇን በግምባሩ ሳመችው፤ ጄሉ ቀሚሷን ነካው፤ ተሳደበች። ዶሪያኖ በሩን ከፍቶ «ይሞታል አይሞትም?» ብሎ ጮኸ። ኮሪደሩ ላይ ተራ የሚጠብቁት ብስክሌተኞች ሁሉ ሰሙት።

«ስትቀዝፍ እንደገና ይወፍራል» አለች ፍላቪያ ወረቀቱ ላይ እየፈረመች። «ይወፍር። ከየት እንደመጣ አውቀናል። በየዓመቱ እየመጣህ እለካዋለሁ። ቀስ ብለህ ጀምር።»

ጀልባዋ በታሰረችበት ደረጃ ላይ ኤርሜስ ወደ ኋላው መቅዘፊያ እጁን ዘረጋ። ኤልዳ አልሰጠችውም።

«ፊት ቁም» አለችው። «ወረቀቱ ስለ ልብህ እንጂ ስለ ክንድህ ምንም አይልም።»

ሁለተኛውን መቅዘፊያ ይዞ ፊት ቆመ። ዶሪያኖ መሃል ተቀምጦ እግሩን ዘረጋ። ውሃው ጸጥ ብሏል። ኤርሜስ መቅዘፊያውን ነክሮ ገፋ፤ ጀልባዋ ዘለለች። እንደገና ገፋ። ቀስ ብለህ ጀምር መባሉን ረሳው። የከተማዋ መቃብር ያለበት ደሴት ገና በስተግራቸው ሳለ ትንፋሹ አጠረ፤ ክንዱ ድንጋይ ሆነ። ቅርጫቱ ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠና በወራት የመጀመሪያውን ረጅም ሳቅ ሳቀ።

«መቃብሩን እንኳ አላለፍንም!» አለ ዶሪያኖ። «እዚሁ ላውርድህ?»

«ተነሣ» አለች ኤልዳ ከኋላ።

ላቡን በእጅጌው ጠረገና ተነሣ። እናቱ ፍጥነቷን አልቀነሰችለትም።