የእትዬ አስካለ ሃያ ስምንተኛ ቆርቆሮ

ሰኞ ጠዋት፣ ደብረ ብርሃን

ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር የተነሳሁት ሳር ፍለጋ ነው። አዎ፣ ሳር! ሃያ ዓመት ሙሉ የሕንፃ ዋጋ ስገምት የኖርኩ ሰው፣ የቆርቆሮ ዋጋ ጨጓራዬን ቢልጠው የአክስቴን ቤት በሳር ላስከድን ቆርጬ ወጣሁ። አክስቴ እትዬ አስካለ እናቴ ከሞተች ወዲህ ያሳደጉኝ ሴት ናቸው። እዚያው አንኮበር፣ ከጎረቤላ ገበያ ወረድ ብሎ ባለች የድንጋይ ቤታቸው ለብቻቸው ይኖራሉ። የቤቱ የሳር ክዳን በስብሶ አምና ክረምቱን ሙሉ አልጋቸውን ከጥግ ወደ ጥግ ሲጎትቱ ነው የከረሙት። ሰኔ ሊገባ ደግሞ ሳምንት ቀርቶታል።

እስከ ዛሬ ለምን ዝም አልክ የሚለኝ አይጠፋም። ዝም አላልኩም፤ ስጠብቅ ነበር! የዛሬ ሁለት ዓመት ከምናምን አንዱ ቆርቆሮ አምስት መቶ ብር ገባ ሲሉኝ፣ "ይኼማ እብደት ነው፣ ይወርዳል" አልኩ። ስድስት መቶ ሲገባ "ከዚህ በላይ የት ይሄዳል?" አልኩ። ሄደ። መሥሪያ ቤት ውስጥ የሲሚንቶውን፣ የብረቱን፣ የአሸዋውን፣ የግንበኛውን የቀን ሒሳብ በየወሩ እየመዘገብኩ፣ አለቆቼ ፊት "በቅርቡ ይረጋጋል" ብዬ በሙሉ አፌ የምናገረው እኔው ነኝ። የሠራሁት ግምት ፊርማ አግኝቶ እስኪመለስ ዋጋው ጥሎት ይሄዳል። ባለፈው ዓርብ መናኸሪያው አጠገብ ካለ ሱቅ ገብቼ ብጠይቅ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ አለኝ።

"ትንሽ አይቀንስም?" አልኩት።

"ነገ ብትመጣ ይኼንንም አታገኘውም" አለኝ ሻጩ፣ ከስልኩ ላይ ቀና እንኳ ሳይል።

ደሜ ፈላ። የእትዬ አስካለ ጣራ በእኔ ልክ ሃያ ስምንት ቆርቆሮ ይፈልጋል። ሃያ ስድስት ሺህ ስድስት መቶ ብር፣ ሚስማሩና አናጢው ገና ሳይነኩ! በንዴት ከሱቁ ስወጣ ነው ሳሩ ትዝ ያለኝ። ሳር እንኳ አይወደድም መቼም።

ረፋዱ ላይ፣ መንገድ

ሚኒባሱ ከሞላ በኋላ ሌላ ሦስት ሰው ጫነ። ረዳቱ ከታሪፉ ላይ ሃምሳ ብር ጨምሮ ጠየቀ። ለምን ስለው "ጋሼ፣ ነዳጅ" ብሎ በአንድ ቃል ዘጋኝ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ በማዳበሪያ የጠቀለለው መጋዝ ጉልበቴን ሲወጋኝ ነው የመጣው። ሽፈራው ይባላል፤ የጎረቤላ ልጅ ሆኖ ደብረ ብርሃን የሚሠራ አናጢ ነው።

"በቀን ስንት ትሠራለህ?" አልኩት፤ ሙያ ሆኖብኝ ሳልጠይቅ አላልፍም።

"አንድ ሺህ አምስት መቶ።"

"ወይ ጉድ! አምና ሰባት መቶ አልነበር እንዴ? እናንተ እኮ ናችሁ ሰው ቤት እንዳይሠራ ያደረጋችሁት!"

ሽፈራው ሳቅ አለ። "ጋሼ፣ እኔ ቆርቆሮ አልበላም። ጤፉንና የቤት ኪራዩን አምና ወደነበሩበት ይመልሱልኝና ያኔ በሰባት መቶ እመጣለሁ።"

ፊቴን አዙሬ በመስኮት ማየት ጀመርኩ። የገብሱ ማሳ ታርሶ ዝናብ ይጠብቃል። በየመንደሩ አዲስ ግድግዳ ቆሞ ጣራ አልባ ሆኖ አየሁ፤ እስከ አስራ አንድ ቆጥሬ ተውኩት። ቁንዲ ተራራን ስንጠጋ ጉም መንገዱን ዋጠው፤ ብርዱ በተሰነጠቀው መስኮት ገብቶ አንገቴን ያዘኝ። ከዚያ ወዲያ ገደሉ ድንገት ተከፍቶ እስከ ቆላው ድረስ ቁልቁል ይታያል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። ያን ቀን ግን የማየው ሳር ብቻ ነበር፤ እሱም በየገደሉ ጫፍ በጭብጥ በጭብጥ የቀረ ነው።

ሰኞ ቀትር፣ ጎረቤላ

የሳር ክዳን ባለሙያው አያ ግዛው ሰባ ያለፋቸው፣ ጋቢያቸውን አፍንጫቸው ድረስ የተከናነቡ ሽማግሌ ናቸው። ነገሩን ስነግራቸው አዘኔታ በሚመስል ዓይን አዩኝ።

"ለመዝናኛ ቤት ነው?" አሉኝ።

"ኧረ ለአክስቴ ቤት ነው። ቆርቆሮ ተወዶብኝ።"

"እንግዲህ ያዝ" አሉና በጣታቸው ይቆጥሩ ጀመር። ሳሩ ዘጠና ሸክም፣ ሸክሙ ሁለት መቶ ሃምሳ። እሳቸውና ሁለት ረዳት ስድስት ቀን፣ ለያንዳንዳቸው በቀን ሰባት መቶ። እኔ ስልኬን አውጥቼ ማስያውን ሳልከፍት፣ "ሠላሳ አምስት ሺህ አንድ መቶ" አሉ። "ምሳ በናንተ።"

"ሳር እኮ ነው አያ ግዛው! ሳር!"

"ሳሩንማ ከብቱም ይፈልገዋል። ከአዲስ አበባ የሚመጣውም ለማማር ብሎ ይገዛዋል። የሚያጭደው ጎልማሳ ደግሞ ደብረ ብርሃን ድንጋይ ይሸከማል፤ እዚያ ይሻለዋላ።"

ስናደድ ቀና ብዬ የራሳቸውን ቤት አየሁት። ቆርቆሮ ነው! ያውም አዲስ።

"እርስዎስ?" አልኳቸው።

"ሳር ማን ይችለዋል ልጄ?" አሉ፣ ሳይስቁ።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ እትዬ አስካለ ቤት

እየተማረርኩ ወደ እትዬ አስካለ ወረድኩ። በሩ ላይ ጉንጬን አገላብጠው ሳሙኝና ወደ ውስጥ አስገቡኝ። ቀና ብዬ ሳይ በክዳኑ ቀዳዳ ሰማይ ይታያል። አፍሬ ዓይኔን አወረድኩ። ከግድግዳው ጥግ አጎዛ የተነጠፈበት መደብ ላይ ዘፍ ስል ከበታቼ የሆነ ነገር ቋ አለ።

"ቀስ በል እንጂ፣ ታጣምመዋለህ!" አሉ።

አጎዛውን ገለጥኩ። ከሥሩ ላስቲክ ነበር። ከላስቲኩ ሥር ደግሞ ቆርቆሮ፣ በቆርቆሮ ላይ ቆርቆሮ፣ እያንዳንዱ በደረቅ ጭድ ተለይቶ ተደርድሯል። እጄን አፌ ላይ ጫንኩ።

"እትዬ፣ ይኼ የማነው?"

"የኔ ነዋ።"

"ከየት መጣ?"

"ከገበያ። እንቁላሉን እየሸጥኩ፤ አንዳንዴም ጠቦት።" ፊታቸውን ወደ ምድጃው አዞሩ፤ ሳቃቸውን ሊደብቁ እንደሆነ ገባኝ። "አንተ ስትደውል ሁልጊዜ 'እትዬ ትንሽ ይታገሱ፣ ዋጋው ይወርዳል' ትለኛለህ አይደል? ይወርዳል ባልከኝ ቁጥር በማግስቱ ገበያ አንድ እገዛለሁ።"

"ለምን አልነገሩኝም?"

"ብነግርህ 'ይጠብቁ' ትለኝ ነበራ!"

በወር አንድ ጊዜ ነበር የምደውልላቸው። ተንበርክኬ ቆርቆሮውን ቆጠርኩት። ሃያ ሰባት። እንደገና ቆጠርኩ። ሃያ ሰባት ነው።

"አንድ ጎደለ" አልኩ።

"አዎ" አሉ እትዬ አስካለ፣ አሁን ሳይስቁ። "ባለፈው ወር አልደወልክም።"

ባለፈው ወር ያልደወልኩት "ይወርዳል" ማለት ራሴን ስላሳፈረኝ ነበር።

ማክሰኞና ረቡዕ፣ ጣራው ላይ

ማክሰኞ ማለዳ በሩ ተንኳኳ። ከፈትኩ። ሽፈራው ነው፤ በማዳበሪያ የተጠቀለለው መጋዙ ብብቱ ሥር አለ። ሁለታችንም ደነገጥን። እትዬ አስካለ ለካ አምና በቀን ሰባት መቶ ብር ተስማምተው፣ ቀብድ ደግሞ አንድ ጠቦት ሰጥተውት ኖሯል። ቆርቆሮው ሃያ ሰባት ሲደርስ "በል ና፣ የጎደለውን እዚሁ እንሞላለን" ብለው ላኩበት። ሚኒባስ ውስጥ ስሰድበው የነበረው ሰው የአክስቴን ቤት በአምናው ዋጋ ሊከድን እየመጣ ነበር!

"ልዩነቱን እኔ ልጨምርልህ" አልኩት።

"እኔ የተነጋገርኩት ከእሳቸው ጋር ነው" ብሎ መሰላሉን ወደ ግድግዳው አስጠጋ።

ሃያ ስምንተኛውን ቆርቆሮ ከጎረቤላ ሱቅ እኔ ገዛሁት። ማጓጓዣ ተጨምሮበት ሺህ ሃምሳ ብር። ሁለት ኪሎ ሚስማርም ያዝኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ዋጋ ሰምቼ አፌን ሳልከፍት ከፈልኩ፤ ቆርቆሮውንም በትከሻዬ ተሸክሜ ቁልቁለቱን ወረድኩ። ንፋሱ ሁለት ጊዜ ሊጥለኝ ነበር። አያ ግዛው ደጃቸው ቆመው እያዩኝ "ሳሩንስ ተውከው?" አሉኝ። ተናድጄም ቢሆን ሳቅኩ። ጎረቤቱ ተረባርቦ አሮጌውን ሳር አወረደው፤ ሽፈራው ማገሩን አስተካክሎ ረቡዕ ቀትር ላይ የመጨረሻውን ሚስማር መታ።

ረቡዕ አመሻሽ፣ ደብረ ብርሃን

ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ የማስታወሻ ደብተሬን ገለጥኩት። የሁለት ዓመት ዋጋ በየወሩ በጥሩ እጅ ጽሑፍ ሰፍሯል። አንድ ቆርቆሮ እንኳ አልተገዛበትም። ዋጋው ለምን እንደጨመረ እስከ ነገ ድረስ ላስረዳችሁ እችላለሁ፤ አሁንም ያናድደኛል፣ ነገም ያናድደኛል። እትዬ አስካለ ግን ለምን እንደጨመረ ጠይቀው አያውቁም። ሲጨምር አይተው ገዙ። ለሃያ ዓመት የሠራሁበትን ሙያ በእንቁላል ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ደወልኩላቸው።

"እትዬ፣ በደህና ገብቻለሁ።"

"ምን? ምን አልክ?"

"ገብቻለሁ አልኩ!"

"አይሰማኝም ልጄ! እዚህ ዝናቡ ጀምሮ ቆርቆሮውን እየደበደበው ነው!"

"አልጋውስ?" ብዬ ጮህኩ።

"አልጋው እቦታው ነው!" አሉ፣ እሳቸውም እየጮሁ። ስልኩን አልዘጋሁትም። መነጋገር ባንችልም፣ ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ ሁለታችንም ጣራውን ስንሰማ ቆየን።