ያልተበሳው ድንጋይ

ጉብታዋን ያዙ የሚል ትእዛዝ የደረሰን ከቀትር በኋላ ነበር። ከሩቅ ስትታይ ለምሽግ የተፈጠረች ትመስላለች። ወጥተን ዶማ ስንሰነዝር ግን አፈር የላትም፤ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ድንጋይ ናት። የጋንታ መሪያችን ዙሪያውን ቃኘና «መቆፈር ካልተቻለ ካቡ» አለን። ካብን። ትልልቁን ጠፍጣፋ ድንጋይ እያቆምን፣ ትንንሹን ከሥሩ እየወሸቅን፣ ሳይመሽ ደረት የሚደርስ ግንብ አቆምን።

ሰለሞን ከጎኔ ነበር። እሱ የቂርቆስ ልጅ ነው፤ እኔ የካዛንቺስ። አዲስ አበባ እያለን ኳስ ሜዳ ላይ ስንሰዳደብ ነበር የምንተዋወቀው፤ ግንባር ላይ ግን የአንድ ሰፈር ልጆች ሆንን። ግንቡን በመዳፉ መታ መታ አደረገና «በቃ፣ ይሄን ታንክም አይበሳው» አለኝ። አመንኩት።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ከባድ መትረየስ ተከፈተብን። እኛም ተኮስን። ረፋዱ ላይ ተኩሱ ጋብ አለ። ሰለሞን በተራው ሊያርፍ ተቀመጠ፤ ጀርባውን ለድንጋዩ ሰጥቶ ዓይኑን ጨፈነ። አንዲት ተባራሪ ጥይት መጣች። ድንጋዩ ጮኸ። ሰለሞን በፊቱ ተደፋ። ስናነሳው ጀርባው ተቀዷል። ትንፋሹ ቆሟል።

በኋላ ድንጋዩን አየሁት። ጥይቷ ባረፈችበት በኩል ጥፍር የምታህል ነጭ ምልክት ብቻ አለች። አልተበሳም። በእኛ በኩል ግን ሰሃን የሚያህል ቅርፊት ተፈንቅሎ ወጥቷል። ድንጋይ እንደ ብረት አይሰረጉድም፣ አይታጠፍም። ምቱን በሆዱ አሳልፎ በማዶው ፊቱ ይተፋዋል። ይህን ማንም አላስተማረንም። ከዚያ ወዲያ አፈር ከታች በጆንያ እየተሸከምን በግንቡና በእኛ መካከል ደረደርን። ዛሬም ካዛንቺስ ውስጥ ሰው የሕንፃ መስታወት ተደግፎ ታክሲ ሲጠብቅ ሳይ ጀርባዬን ይነዝረኛል። ፈቀቅ በል ልለው እፈልግና፣ አብዷል እንዳይለኝ ዝም ብዬ አልፋለሁ።

ጦርነቱ አልቆ ስመለስ ወሬው ቂርቆስ ቀድሞኝ ደርሷል። ቆስሎ ቀድሞን የተመለሰ አንድ ጓዳችን «ከጀርባው ነው የተመታው» ብሎ ኖሯል። እውነቱን ነው። የቀረውን ሰፈሩ ጨመረበት፤ ሲሸሽ ነው ተባለ። የሰለሞን ስም እንዲህ ሆኖ አይቀርም ብዬ እናቱ እትዬ የሺ ዘንድ ሄድኩ።

የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። አልገባቸውም።

«ጥይት ካልነካው፣ ድንጋዩም ካልተበሳ፣ ምን ገደለው ልጄ?»

እንዴት እንደማስረዳቸው ጨነቀኝ። ድንገት መስኮታቸውን አየሁ። ከመኪና ጎማ የተፈናጠረ ጠጠር መስታወቱን በስቶታል። ወደ ደጅ አውጥቼ አሳየኋቸው፤ ቀዳዳዋ ምስር ብታክል ነው። ከዚያ ወደ ቤት መለስኳቸውና «እስቲ ጣትዎን እዚህ ያድርጉ» አልኩ። በውስጥ በኩል የቀዳዳዋ ዙሪያ እንደ ስኒ አፍ ሰፍቶ ተሸርፏል።

«አዩ፣ የተመታው ከውጭ ነው፤ ተሸርፎ የወደቀው ግን ወደ ውስጥ ነው። ሰለሞንንም የገደለው እንዲህ ያለው ስባሪ ነው። ተቀምጦ ነበር። አልሸሸም።»

ጣታቸውን ከስብራቱ ላይ ሳያነሱ ቆዩ።

«አልሸሸም?»

«አልሸሸም እትዬ። እምላለሁ።»

«እኔ እኮ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ከጀርባው ነው ሲሉኝ፣ ፊቱን ወደ ቤቱ አዙሮ ነበር ብዬ ነበር። ወደ እኔ እየመጣ ነበር እያልኩ ነበር የምጽናናው።»

ሻይ ላፍላልህ አሉኝ፤ እምቢ ማለት አልቻልኩም። ጠጥቼ ወጣሁ።

ከጋንታችን ዘጠኝ ሰው እዚያች ጉብታ ላይ ቀርቷል። አንዳቸውም አልሸሸም። ለቀሩት ስምንቱ እናቶች ግን ይህን ሄጄ ለመንገር እስከ ዛሬ አልደፈርኩም።