የታጠበው ጠገራ ብር

ያን ቀን በቤታችን በረንዳ ላይ እናቴ፣ አጎቴ ሙሳ፣ እህቴ ሐዋ፣ ብር ገዢው ሰውዬና እኔ ነበርን። ዛሬ ለስብስቤ ጠገራ ብር ልገዛ አሶሳ አንድ አንጥረኛ ቤት ስገባ፣ የሎሚና የአመድ ሽታ ወደዚያ ቀን መለሰኝ።

እናቴ የሰርግ ጠገራዎቿን በሎሚና በአመድ ፈትጋ ለብር ገዢው አቀረበች።

«አንተ እንግዳ ነህ፤ ለእንግዳ ቆሻሻ አይሰጥም» አለችው።

«አበላሸሽው እኮ እትዬ። የታጠበ ብር ሰብሳቢ አይፈልግም፤ ለማቅለጫ ልውሰደው» ብሎ የግራሙን ዋጋ በግማሽ ቀነሰ። ከዚያ በግራም መዝኖ ወሰደው።

ያኔ አልገባኝም ነበር። ለሚቀልጥ ብር መታጠቡ ምን ያጎድላል? እናቴ ግን እስክትሞት ጥፋቱ የራሷ እጅ ሥራ መሰላት። ይህን አልምረውም።

ሐዋ፣ አጎቴ፣ የዘለልኩት ካለ ጨምሩበት። የሰውዬውን ስም ግን መጨመር አትርሱብኝ።