በገመድ የወረድኩት ቁልቁለት

ዳገት ያደክማል እንጂ አያስፈራም። የሚያስፈራው ቁልቁለት ነው። ይህን ያወቅኩት በስተርጅና ነው፤ መተማ ዮሐንስ ሜዳ ላይ የኖረ ሰው ቁልቁለትን ከየት ያውቃል?

እኛ ዘንድ ብስክሌት ከሱዳን ይመጣል፤ ፍሬኑ ግን ክረምቱን አይሻገርም። የዋልካው ጭቃ ጎማውና ፍሬኑ መካከል ይገባና እንደ ሲሚንቶ ይይዘዋል። ስለዚህ ፍሬኑን ፈትተን እንጥለዋለን። መቆም የፈለገ ሰው እግሩን የፊት ጎማው ላይ አሳርፎ በበረባሶው ይጫነዋል። በረባሶ ራሱ ከመኪና ጎማ የተቆረጠ ጫማ ነውና ጎማ ጎማን ያቆመዋል። ለሜዳ ይህ በቂ ነው።

የብስክሌት ዕቃ የሚሸጥ አንድ ሙስሊም ጎረቤት አለኝ። ሁልጊዜ ሲያየኝ፣ «አባት፣ ፍሬን ያስገጥሙ እንጂ። አረቦቹ ብስክሌትንም ችኮላንም አጀላ ነው የሚሉት፤ ዝም ብለው አይደለም» ይለኝ ነበር።

«አንተ ዕቃህን ለመሸጥ አረብኛውን ሁሉ ትተረጉማለህ» ብየ ስቄ አልፋለሁ።

ፈረንጅ በመተማ መንገድ ገና በብስክሌት በሚያልፍበት ጊዜ ነው። አይከል አጠገብ፣ ደጋው ላይ የነበረችው እህቴ ተዝካሯ ደረሰ። ጉልበቴ መራመድ እምቢ ካለኝ ቆይቷል፤ ለፔዳል ሲሆን ግን አይለግምም። ከአይከል እስከ መንደሯ ያለውን እንድታደርሰኝ ብየ ብስክሌቴን ሚኒባስ ጣራ ላይ አስጭኜ ሄድኩ። ተዝካሩ አለፈ። ልመለስ በተነሣሁበት ጠዋት ልጄ ደወለ። እሱ ቁልቁለቱ ሥር፣ ነጋዴ ባሕር፣ ወፍጮ ቤት ነው የሚሠራው።

«አባየ፣ ዛሬ ይገባሉ?»

«እገባለሁ።»

«እንግዲያው ፀሐይ ሳትጠልቅ ካልደረሱ ሞተሬን አስነሥቼ እመጣለሁ።»

«እንዳትመጣ!» ከማለቴ ስልኩ ተቋረጠ። ይስማኝ አይስማኝ አላወቅኩም።

የዚያን መንገድ ወሬ ያልሰማ የለም። አጋቾች የጎረቤታችንን ልጅ ከሞተሩ አውርደው ጫካ አስገብተውት ነበር። ተመለሰ። ተመለሰ ይባላል እንጂ እስካሁን በር ሲንኳኳ አልጋ ሥር ይገባል። ከልጄ ጋር አፈር ፈጭተው ነው ያደጉት። እኔን ሽማግሌውን ማን ይወስደኛል? የሚወስዱት እንደ ልጄ ያለውን ነው፤ ወጣቱን፣ ሞተር ያለውን።

አይከል ላይ ተሳፋሪ ስትጠብቅ የዋለችው ሚኒባስ ቁልቁለቱ አፍ ላይ ስትደርስ ፍሪሲዮኗ ተቃጠለ። ሾፌሩ ወርዶ ከሥሯ ተኛ፤ ተነሣና እጁን አራገፈ። «በቃ። መኪና ሲገኝ ወደ አይከል ተመልሰን እናድራለን» አለ። ተሳፋሪው ሁሉ እሽ አለ። እኔ ስልኬን ወደ ሰማይ ዘረጋሁ፤ ኔትወርክ የለም። ፀሐይዋ ወደ ሱዳን ማዘንበል ጀምራለች።

«ብስክሌቴን አውርዱልኝ» አልኩ።

«አባባ፣ ይቺ ፍሬን የላትም እኮ!» አለ ሾፌሩ።

«እግር አለኝ።»

አንዲት ተሳፋሪ ራሷን ያዘች፤ «ኧረ በማርያም! እኒህን ሰው የሚያስርልኝ ይጥፋ?»

መጀመሪያ ደህና ነበር። በረባሶየን ጫን ሳደርግ ብስክሌቷ ታዘግማለች። ሁለተኛው ጥምዝ ላይ የተቃጠለ ጎማ ሸተተኝ። ከዚያ ውስጥ እግሬን ሞቀኝ፤ ከዚያ ፈጀኝ። ብድግ ሳደርገው ብስክሌቷ ከእጄ ወጣች። በስተቀኜ ገደል ነው፤ ታች ያለው ትልቅ ዛፍ ጎመን አክሎ ይታያል። ነፋሱ ዓይኔን አስለቀሰኝ። «እመቤቴ፣ በተራራው በኩል ጣይኝ» አልኩና መሪውን ወደ ግራ ጠመዘዝኩት። ቦይ ውስጥ ተዘረርኩ።

አልተሰበርኩም። ክርኔ ደምቷል፣ በረባሶየም መሃሉ ተበልቶ ውስጥ እግሬ ይታያል። እኔ ግን የሚታየኝ ሌላ ነው፤ ልጄ ወፍጮውን አጥፍቶ፣ ዱቄቱን ከፀጉሩ አራግፎ፣ ሞተሩን ሲረግጥ።

ከላይ ቲክ ቲክ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ድንጋይ ተከልየ አየሁ። ኸዋጃ ነው፤ እኛ ቆላዎቹ ፈረንጅን እንዲያ ነው የምንለው። ጺሙ አቧራ የለበሰ፣ በብስክሌቱ ግራና ቀኝ ሻንጣ የሰቀለ፣ ተራራውን ጨርሶ ወደ ሱዳን የሚወርድ መንገደኛ። አየኝና ቆመ።

«አይዞህ» አለኝ።

ለእኔ ዕድሜ አይዞዎት ነው የሚባለው። ዳገት በወጣ ቁጥር ሕዝቡ አይዞህ እያለ ሸኝቶት ነው መሰለኝ፣ ሌላ አማርኛ አልነበረውም። ቅር አላለኝም።

ፀሐይዋን አሳየሁት። ቁልቁለቱን አሳየሁት። «ልጄ» አልኩና ሞተር እንደሚነዳ ሰው እጄን ጠመዘዝኩ። ይግባው አይግባው እንጃ። ፍሬን ፍለጋ ብስክሌቴን ከላይ እስከ ታች ዳበሰና ሲያጣ ሳቀ። እግሬን ሲያይ ሳቁን ተወ። ከሻንጣው ገመድ አወጣ፤ አንዱን ጫፍ ከእኔ ኮርቻ ሥር፣ ሌላውን ከራሱ ብስክሌት ፊት አሰረ። እኔን ከፊት አደረገኝ። በሬ ገደል ሲወርድ ከኋላ በጠፍር እንደሚያዝ ማለት ነው። የእኔ ነፍስ በእሱ ፍሬን፣ የእሱ ነፍስ በእኔ ክብደት ተንጠለጠለች።

እንዲያ ወረድን። ገመዱ ሲወጠር ኮርቻየ ይንቋቋል፤ ሲረግብ መሪውን አንቄ እይዛለሁ። ዝንጀሮዎች መንገዱ ላይ ተቀምጠው ሲያዩን አልተነሡም። ፍሬኑ ሲግል እየቆመ ውኃ ያፈስበታል፤ እንደ ምጣድ ይንጫጫል። እኔ በቆመ ቁጥር ፀሐይዋን አያለሁ።

የጎረቤቴን ልጅ የወሰዱበት ጥምዝ ላይ ስንደርስ ከታች የሞተር ድምፅ መጣ። ልጄ ነው ብየ ልቤ ቀጥ አለ። ብቅ ሲሉ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ፊታቸውን በሻሽ ጠቅልለዋል። ለአቧራ ይሁን ለሌላ ነገር፣ ማን ያውቃል? ቀዝቅዘው መጡ። እኔን አዩ፣ ገመዱን አዩ፣ ኸዋጃውን አዩ። የፊተኛው እግሩን መሬት አስነካ።

የኋለኛው ትከሻውን መታ አደረገው፤ «ተወው፣ ይኼ ተይዟል።»

ሳቁና ወደ ላይ ሄዱ። እኔ አልሳቅኩም። ጭናቸው መካከል ያለው ዱላ ይሁን ጠመንጃ ለማየት ዞር ማለት አልቻልኩም። ከኋላየ ኸዋጃው ቀስ ብሎ፣ «አይዞህ» አለ። 

ነጋዴ ባሕር መግቢያ ኬላው ጋ ስንደርስ ፀሐይዋ የሜዳው ጫፍ ላይ ናት። ጥበቃው ከሩቅ ሲያየን መሣሪያውን አነሣ።

«ቁም! አባት፣ ማነው ያሰረዎት?»

«ፍሬኔ ነው» አልኩት።

ጥበቃው ሳቀ። ልጄ ግን አጠገቡ ቆሟል፤ ሞተሩ አፍንጫውን ወደ ዳገቱ አዙሯል፤ የሞተሩ ቁልፍ ደግሞ ጥበቃው ጣት ላይ ይሽከረከራል።

«ፀሐይ እስክትጠልቅም አልጠበቀ፤ ቁልፉን ነጥቄው ነው እንጂ ይኼኔ ጥምዙ ጋ ደርሶልዎት ነበር» አለኝ ጥበቃው። «ሲሰድበኝ ነው የዋለ።»

ልጄ ተንበርክኮ እግሬን አነሣና ያለቀውን በረባሶ አየ።

«አባየ፣ አብደዋል?»

«አንተስ?»

 

ኸዋጃው ገመዱን ፈትቶ ለእኔ ተወልኝና በማግሥቱ ድንበር ወዲያ ወዳለችው ገላባት ተሻገረ። እኔም «አይዞህ ልጄ» ብየ ሸኘሁት። ይድረስ አይድረስ እንጃ፤ የሚጠይቁት ሰው የለም።

አሁን ብስክሌቴ ሁለት ፍሬን አላት። ዕቃ ሻጩ ጎረቤቴ ሲገጥምልኝ ስለ አረብኛው አንድም ቃል አልተነፈሰም። ልጄን ግን መንገድ በሄድኩ ቁጥር፣ «ብዘገይም አትምጣ» እለዋለሁ።

«እሽ አባየ» ይለኛል፤ ዓይኑ ሞተሩ ላይ ነው።

እኔም እሽታውን ስለማውቀው፣ ከነጋዴ ባሕር ወዲያ መሄድ ትቻለሁ። ቁልፍ የሚነጥቅ ጥበቃ ሁልጊዜ አይገኝም።