የረሺድ ሰሌዳ፣ የሀናን ጫማ

መካነ ሰላም ገበያ ላይ ጫማ የሚሸጡ ሰዎች ስድስት ናቸው። ከስድስቱ መሀል ብር ይዞ የመጣን ገዥ ባዶ እጁን የምትመልስ ግን ፈይዛ ብቻ ናት።

«ልጁን ይዘውት ይምጡና ልለካው» ትላለች።

«ልጁማ ትምህርት ቤት ነው። አንቺ ብቻ አንድ ቁጥር ጨመር አድርገሽ ስጭኝ፤ ያድግበታል።»

«የሚያድግበትን እኔ አልሸጥም፣ አባባ። እዚያ ማዶ ይሸጡልዎታል።»

ገዥው «ወይ ጉድ!» እያለ ይሄዳል። ከጎኗ ብትን ጨርቅ የሚሸጠው ጋሹ፣ «ፈይዛ፣ ፍርድ ቤት አደረግሽው እኮ ሱቁን!» ይላታል። ትስቃለች። ሳቋ ግን ከጥርሷ አያልፍም። ገበያው ሲበተን ሸራዋን አጥፋ፣ ጫማዎቿን በማዳበሪያ ከረጢት ሞልታ አንድ ክፍል ቤቷ ትገባለች። እዚያ የሚጠብቃት ሰው የለም። የገዛ ልጇ ሀናን እንኳ እስካለፈው ክረምት ድረስ የኖረችው ከሁለት ሰፈር ወዲያ፣ ከፈይዛ ታናሽ እህት ከአበቡ ቤት ነው።

ፈይዛ ዐረብ አገር የሄደችው በ1994 ዓ.ም. ነበር። ባሏ ለሰሊጥ አጨዳ ሑመራ ወርዶ በዚያው ቀረ፤ ሀናን ያኔ ሁለት ዓመቷ ነው። ሕፃኗን ለአበቡ ሰጥታ አቡ ዳቢ ከአንድ ነጋዴ ቤት ተቀጠረች። በገባች በሦስተኛው ወር እመቤቲቱ ወንድ ልጅ ተገላገለች፤ ረሺድ አሉት። እናቱ ወለደችው እንጂ ያሳደገችው ፈይዛ ናት። አባቷ በግ ነጋዴ ስለነበሩ ጠቦት ከመሬት ብድግ አድርጋ ክብደቱን መገመት ከልጅነቷ ታውቅበታለች። ረሺድንም በየወሩ ብድግ ታደርገውና «አንድ ኪሎ ጨምረሃል» ትለዋለች። እሱም በአማርኛ «ዋሽተሻል!» ይላታል። ቃሉን ያስተማረችው ራሷ ናት።

ስምንት ዓመት ሊሞላው ሲል የአጎቱን ልጆች አይቶ ዌክቦርድ ይገዛልኝ አለ። ዌክቦርድ ሰው በላዩ በተገጠሙ ጫማዎች ሁለት እግሩን አጥልቆ የሚቆምበት ሰሌዳ ነው፤ ጀልባ በገመድ ትጎትተዋለች፣ እሱ በውሃው ላይ እየተንሸራተተ ይከተላል። እመቤቲቱ፣ «ሳምንት ተጫውቶበት ለሚጥለው ነገር ውድ አልገዛም። ለጀማሪ የሚሆን ርካሽ ፈልጊለት» ብላ ከሾፌሩ ጋር ላከቻቸው። ዋና የማትችል፣ ከቁርጭምጭሚቷ አልፋ ባሕር ገብታ የማታውቅ ሴት ለረሺድ የውሃ ሰሌዳ ልትመርጥ ሄደች።

ሱቁ ውስጥ ዕቃ የሚያሳየው ሰው ሐበሻ ሆኖ አገኘችው። በላይ ይባላል፤ የአገሯ የወሎ፣ የአጅባር ልጅ ነው።

«አጅባር ላይ ውሃ የማውቀው በእንስራ ነው። እዚህ ደግሞ የውሃ ላይ ሩጫ አስተማሪ ሆኜልሻለሁ» አለና ሳቀ።

ረሺድ እሳት የተሣለበት አንጸባራቂ ሰሌዳ አቅፎ ነበር። በላይ ቀስ ብሎ ከእጁ ወሰደው።

«ይሄ መዝለል ለለመደ ነው። ለጀማሪ ሥዕሉን አትዪ፣ እቴ። ሰፋ ያለ፣ ጫፎቹ ብዙ ያልተቆለመሙ፣ ከሥሩም ትናንሽ ክንፍ ያለው ሲሆን ቀጥ ብሎ ይሄድለታል። ትንሽ ቢረዝምም ግድ የለም፤ እንዲያውም ቶሎ ለመቆም ይረዳዋል። ስንት ኪሎ ነው?»

ፈይዛ ረሺድን ብድግ አድርጋ መሬት መለሰችው። «ሃያ ስድስት።»

በላይ አላመናትም። ሚዛን ላይ አቆመው፤ ሃያ ስድስት ከሩብ። «አጃኢብ!» አለ።

ሁለት ያገለገሉ ሰሌዳዎች አወጣላት፤ ዋጋቸው እኩል ነው። ያገለገለ ሲገዛ ምኑ እንደሚታይ አሳያት፤ ጠርዙን በጥፍሩ እየዳሰሰ፣ ስንጥቅ ካለው ውሃ እንደሚጠጣ፣ ጫማዎቹን ከሰሌዳው ጋር የያዙት ብሎኖች ከላሉም መተው እንደሚሻል ነገራት። ሁለቱም ደህና ነበሩ። የአንደኛው ጫማ ለረሺድ ልኩ ነው፤ ቀለሙ ግን ተጫጭሯል። የሌላው ጫማ ሁለት ቁጥር ይበልጠዋል፤ እንደ አዲስም ያበራል።

«ጫማው ላይ እንዳትሳሳቺ» አለ በላይ። «ተረከዙን ጨብጦ መያዝ አለበት። ሲወድቅ አንድ እግሩ ወጥቶ አንዱ ከቀረ ሰሌዳው ይጠመዝዘዋል።»

ፈይዛ ሰፊውን አየችው። «ይሄኛው ያድግበታል» አለች።

«እቴ፣ የትምህርት ቤት ሹራብ መሰለሽ እንዴ?»

«ካልሲ እደርብለታለሁ።»

በላይ ሊመልስላት አፉን ሲከፍት ሌላ ገዥ ጠራው።

መካነ ሰላም ላይ ለልጅ ልኩን የሚገዛ ሰው አይታ አታውቅም። ራሷም ያደገችው የሹራቧን እጅጌ ሦስት ጊዜ እያጠፈች ነው። ግን ለበላይ ያልነገረችው ሌላም ነገር ነበር። ያ ጫማ የረሺድ ልክ የሚሆነው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። እስከዚያ ካልሲውን የሚደርብለት ሰው ያስፈልገዋል፤ እስከዚያ እሷን አያሰናብቷትም። ከሱቁ ስትወጣ ሰሌዳውን ራሷ ተሸከመችው፤ ለሾፌሩም አልሰጠችም።

በሦስተኛው ቀን ረሺድ ባሕር ላይ፣ ከጀልባዋ ኋላ ገመዱን ይዞ ቆመ። እየሳቀ ነበር። ከዚያ ወደቀ። ግራ እግሩ ከነካልሲው ሾልኮ ወጣ፤ ቀኙ ቀረ፤ ሰሌዳው በማዕበሉ ተገለበጠ። «ፈይዛ!» ብሎ ጮኸ። እናቱ እዚያው ዳር ላይ ከፈይዛ አጠገብ ቆማ ነበር። ቁርጭምጭሚቱ መሰበሩን ሐኪሙ ሲነግራቸው፣ እመቤቲቱ ወደ ሐኪሙ ሳይሆን ወደ ፈይዛ ዞራ፣ «ጫማውን ማን መረጠው?» አለች። «እኔ» አለች ፈይዛ። በአሥረኛው ቀን አውሮፕላን ላይ ነበረች። ልጁ ተኝቷል ብለው እንድትሰናበተው አልፈቀዱላትም፤ ለመጨረሻ ጊዜም ብድግ አላደረገችውም። ሃያ ስድስት ከሩብ። ከዚያ በኋላ ያለውን አታውቀውም።

መካነ ሰላም ስትገባ ሀናን አሥር ዓመቷ ነበር። ፈይዛ እንደለመደችው ብድግ አደረገቻት። ልጅቱ እንደ እንጨት ደረቀች፤ «እትዬ ፈይዛ፣ አውርጅኝ» አለች። እትዬ የምትላት አክስቷ አበቡ እንደዚያ ስለምትጠራት ነው። እማ የምትለው አበቡን ነው።

ያን ዕለት አበቡ ከአልጋ ሥር አንድ ካርቶን ጎትታ አወጣች። ውስጡ ፈይዛ በስምንት ዓመት ውስጥ በሰው በሰው የላከቻቸው ጫማዎች አሉ፤ ሶላቸው አፈር ያልነካ።

«ስትልኪው ይሰፋታል» አለች አበቡ። «ይደርስላታል ብዬ አስቀምጠዋለሁ። ሳስታውሰው ጠቧታል። ወላሂ፣ አንዱንም ለሰው አልሰጠሁብሽም።»

«አብሽሪ» አለቻት ፈይዛ። ድምጿ ደህና ነበር። በሚቀጥለው ገበያ ካርቶኑን ይዛ ወጣች፤ ልካቸው ለሆኑ የሰው ልጆች አንድ በአንድ ሸጠቻቸው። የጫማ ንግዷ የተጀመረው እንዲህ ነው።

አራት ዓመት ተቀመጠች። ሀናን ከትምህርት ቤት ስትመለስ በገበያው በኩል ታልፋለች፤ ጎንበስ ብላ እጅ ትነሳለች፤ አትቆምም። የምታደርገው ጫማ አበቡ ከሌላ ሱቅ የገዛችላትን ነው። ፈይዛ ከሩቅ እግሯን እያየች በልቧ ትለካታለች፤ ሠላሳ አምስት፣ ሠላሳ ስድስት፣ ሠላሳ ሰባት።

በ2006 ዓ.ም. ክረምት ግብርና ቢሮ የሚሠራው የአበቡ ባል አራጌ ወደ ደሴ ተዛወረ። ሀናንም አብሬ እሄዳለሁ አለች። ፈይዛ አትሄጂም ማለት ትችል ነበር፤ በምን አፏ እንደምትለው ግን አላወቀችም። ሊሄዱ ሦስት ቀን ሲቀራቸው ሀናን ብቻዋን ከሸራው ሥር መጥታ ቆመች።

«እትዬ ፈይዛ፣ እማ የትምህርት ቤት ጫማ ከአንቺ እንድወስድ ልካኝ ነው። ሠላሳ ስምንት ስጭኝ።»

«ሠላሳ ሰባት ነሽ።»

«አውቃለሁ። አድግበታለሁ።»

ጋሹ የሚለካውን ጨርቅ ትቶ አንገቱን አቀና። «ወይ ሀናኔ፣ ዛሬ ተፈረደብሽ!»

ፈይዛ ሁለቱንም ጫማ በሁለት እጇ ያዘች። ሠላሳ ስምንቱን ብትሰጣት ልጅቱ ዓመቱን ሙሉ ጫማ አያስፈልጋትም። ሠላሳ ሰባቱ ግን ለጥር ይጠባታል። ልኩን መስጠት ሕጓ ነው፤ ማንም አይታዘባትም። ሆኖም ይህ ከሕጉ ሥር የተደበቀ ሐሳብ አዲስ አልሆነባትም፤ ያን ሰሌዳ ተሸክማ ከሱቁ ስትወጣም አብሯት ነበር።

«ስሚኝ» አለች። «ሠላሳ ሰባቱ ጥር ላይ ይጠብሻል። እሱን ልሰጥሽ የፈለግሁት ልትቀይሪ እንድትመጪ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም። ሠላሳ ስምንቱን ካልሽ ግን እሰጥሻለሁ። ከካልሲ ጋር ይሆንሻል።»

ሀናን መሬት መሬት አየች። ከዚያ ልጅቱ ለገዥ መቀመጫ በቀረበው ዱካ ላይ አረፍ አለችና እግሯን ዘረጋች።

ፈይዛ ተንበርክካ ተረከዟን በመዳፏ ያዘች። ከሁለት ዓመቷ ጀምሮ ይህን እግር ይዛው አታውቅም። ሞቃት ነበር። ሠላሳ ሰባቱን ጫማ አጠለቀችላት፤ አውራ ጣቷን ከተረከዙ ኋላ አስገብታ ሞከረች፤ አልገባም። ልኳ ነው።

«ለአንድ ጫማ ከደሴ ድረስ የሙሉ ቀን መንገድ ልመጣ?» አለች ሀናን። ከንፈሯ ላይ ፈገግታ የመሰለ ነገር ነበር። እመጣለሁም አልመጣምም ሳትል በዚያው ጫማ ተራምዳ ሄደች። ከሦስት ቀን በኋላ መኪናው ከመናኸሪያ ሲወጣ ፈይዛ ከሸራዋ ሥር ሆና አየችው።

አሁን ጥር ገብቷል። ትናንት በገበያው አንዲት ተማሪ ከአባቷ ጋር መጣች። ፈይዛ ለካቻት፤ ሠላሳ ስምንት። ከፈይዛ ኋላ ከክረምት ጀምሮ ብቻውን የተቀመጠውን ጥቁር የትምህርት ቤት ጫማ አባትየው አይቶ፣ «ይሄው፣ ልኳ አይደል?» አለ።

«ልኳ ነው» አለች ፈይዛ። «ግን የሰው ነው።»

ጫማውን አንሥታ አቧራውን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ወደነበረበት መለሰችው።