የውስጥ ኪስ

ሰባተኛ ክፍል ያለችው እህቴ ከምርጫ ትምህርቶቹ «ሙያና የሕይወት ክህሎት» የሚባለውን ከወሰደች ወዲህ ወሬዋ ሁሉ ስለ አዲሷ መምህርት ሆኗል። እኔ ግን ሴትዮዋን ልቤ አላመናትም። እህቴን ክፍል ላስቀይራት ወይስ ልተወው እያልኩ፣ ልወስዳት በሄድኩ ቁጥር መምህርቷን በመስኮት አያታለሁ።

ግራጫ ሹራቧን በሙቀትም አታወልቀውም። ጀርባዋን ለግድግዳ ሰጥታ፣ ፊቷን ወደ በሩ አድርጋ ትቀመጣለች። ሌሎቹ መምህራን ስለ ሐኪምና ስለ መሐንዲስ ሥራ ሲያስተምሩ፣ እሷ የቀሚስ የውስጥ ኪስ መስፋት ታስተምራለች።

«ቲቸር፣ ለምን በውስጥ በኩል?» አለቻት አንዷ ተማሪ።

«መታወቂያሽን ማንም እንዳይነጥቅሽ።»

«ማን ይነጥቀኛል?»

«የቤትሽ ሰው ቢሆንስ?» ብላ ሳቀች። ልጆቹም ሳቁ። እኔን ግን አላሳቀኝም።

ባለፈው ሳምንት ዝናብ ሲያባርረኝ በሩን በርግጄ ገባሁ። መርፌው ከመምህርቷ እጅ ወደቀ። እኔ እሷን በማይበት ዓይን ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«ማን ላከህ?» አለችኝ በቀስታ።

«ኧረ ቲቸር፣ ወንድሜ እኮ ነው!» አለች እህቴ።

ለካ የምትሸሸው ሰው አለ፤ ክፍል የማስቀየሩን ነገር ከዚያ ወዲህ አላሰብኩትም። በሩን ግን አሁን አንኳኩቼ፣ ማንነቴን ከውጭ ተናግሬ ነው የምገባው።