ጅብራ የቆጠርኩበት ቀን

መካነ ኢየሱስ ከተማ ትምህርት ቤት ሦስት ዓመት ተምሬ ነው የዳሩኝ። ከተማርኩት ሁሉ አብሮኝ የቀረው ቁጥር ነው። ዶሮ እቆጥራለሁ፣ የታጠበ ልብስ እቆጥራለሁ፣ ከሁሉ ይበልጥ ሰው እቆጥራለሁ። ልጆቼ ወንዝ ወርደው ሲመለሱ ደጅ ቆሜ ካልቆጠርኳቸው ወደ ሥራዬ አልመለስም። አማቴ ግን "ሰው እንደ ከብት አይቆጠርም፣ መቅሠፍት ያመጣል" እያሉ ይቆጡኝ ነበርና ከንፈሬን ሳላንቀሳቅስ መቁጠር ለመድኩ።

በንጉሡ ጊዜ ነው። ክረምቱ ወጥቶ ገብሱ ገና ሳይታጨድ አምስት ፈረንጆች መጡና የባለቤቴን በቅሎዎች ተከራዩ። የጉናን ተራራ በእግራቸው ተሻግረው ንፋስ መውጫ ሊወርዱ ነው። እናቴ የምትኖረው በዚያው በጋይንት በኩል ነው። ካየኋት ሁለት ዓመት ሆኖኝ ስለነበር፣ ትንንሾቹን ለአማቴ ትቼ ትልቋን ልጄን ይዤ ከጓዙ ጋር ተነሣሁ። ፈረንጆቹ አስተርጓሚ ይዘዋል፤ ባለቤቴ ወንድሙን ይዟል፤ ወደ ጋይንት የሚሄዱ አንድ ቄስም ተቀላቀሉን። በልቤ ቆጠርኩ፦ አሥራ አንድ።

የፈረንጆቹ አለቃ ሴት ናት። ፀጉሯ ሸብቷል፣ ጫማዋ የወታደር ይመስላል። ቄሱ ገና በመጀመሪያው ዕረፍት ላይ አላስችል አላቸው።

"የምን ስእለት ኖሮባቸው ነው?" ብለው አስተርጓሚውን ጠየቁ።

"ስእለት የለባቸውም አባ። በየአገሩ እየዞሩ ትልልቅ ተራራ አብረው ይወጣሉ። ይኸው ነው።"

"የሚሳለሙት ደብር የለ? የሚጠይቁት ዘመድ የለ?"

"የለም።"

"እንዲያው በከንቱ?" አለ ባለቤቴ። "በል ቀስ ብለህ ተናገር፤ በቅሎዎቼ ከሰሙ አይነሡልኝም።"

እኔም ሥቄአለሁ። ግን ከዚያች ሴት ላይ ዓይኔን መንቀል አልቻልኩም። ዳገቱን ስትወጣ የምትራመደው በራሷ ጉልበት ልክ አልነበረም፤ ከኋላ በቀረው ሰው ልክ ነው። ልጄ አንድ ጊዜ ስታነክስ ከማንም ቀድማ ያየቻት እሷ ናት። ተንበርክካ ከእግሯ እሾህ ስታወጣላት፣ እንደ እኔ ለሰው የምትፈራ ሴት ሌላም አለች ለካ ብዬ ተገረምኩ። ልዩነቱ እሷ ፍርሃቷን ይዛ ተራራ ትወጣለች፤ እኔ ከደጄ አልርቅም።

በማግሥቱ ጠዋት በቅሎ ሲጫን፣ ጣቷን እየቀሰረች አንድ በአንድ ቆጠረችን። ቄሱ ፊታቸውን አዞሩ።

"ዳዊት ሕዝቡን ቢያስቆጥር ምን እንደ መጣ አልነገሯትም?"

እኔ ግን ደስ አለኝ። ሳላውቀው ከንፈሬ አብሯት ይቆጥር ኖሮ አየችኝና ሣቀች። በአስተርጓሚው በኩልም ሥራ ሰጠችኝ። እሷ ከፊት ትሄዳለች፤ እኔ ከኋላ ሆኜ ባረፍን ቁጥር ሰው መሙላቱን እነግራታለሁ። ቀጥላ ለሁላችን፣ "ጉም ከመጣና ሰው ከጠፋ፣ የጠፋው ባለበት ይቁም። አንድ እርምጃ አይሂድ። የምንፈልገው እኛ ነን" አለች።

"እንደ ጅብራ ይገተር ነው የምትለው?" አለ ባለቤቴ፤ አገሬው ሁሉ ሣቀ።

ለማያውቅ ሰው ልንገር። ጅብራ ጉና አናት ላይ የሚበቅል፣ ቅርንጫፍ የሌለው፣ ከሰው የሚረዝም ቀጥ ያለ ተክል ነው። እኛ ዘንድ ፈዞ የቆመ ሰው የሚሰደበው በእሱ ነው። ከፈረንጆቹ መካከል አንድ ቀጭን ረጅም ሽማግሌ ነበሩ፤ አበባ ባዩ ቁጥር ቆመው ደብተራቸው ላይ ይሥላሉ። ባለቤቴ "ጅብራው" የሚል ስም አወጣላቸው። "ጅብራው ደግሞ ቆሙ!" ሲል ልጄ በሣቅ ትፈርሳለች።

ከቀትር በኋላ አናቱ ላይ ስንደርስ ጉም ወረደብን። በአሥር እርምጃ ርቀት ያለ ሰው ጥላ ብቻ ሆነ። ቆም ብለን ስናርፍ አለቃዋ ከፊት ተጣራች፤ አስተርጓሚው "ሞልተዋል ወይ?" አለኝ። ጥላዎቹን ቆጠርኩ። አሥረኛ እኔ ራሴ። ወደ ግራ ፈንጠር ብሎ ደግሞ አንድ ረጅም ቀጭን ጥላ ቆሟል። ሽማግሌው እየሣሉ ነው አልኩ በልቤ።

"ሞልተዋል!"

ሄድን። ቁልቁለቱን ጀምረን ከጉሙ ሥር ስንወጣ እንደ ልማዴ ቆጠርኩ። አሥር። የልጄን እጅ ጨበጥኩ። ደግሜ ቆጠርኩ። አሥር። ያን ጊዜ ያ ጥላ ታወሰኝ። ስንነሣ አልተነሣም ነበር።

ሮጬ ለባለቤቴ ነገርኩት። ፊቱ ተለወጠ። ፈረንጅ ጉና ላይ በብርድ ቢሞት የሚታሰረው ማን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

"አንቺ ቆጥሬ ነበር አትበይ" አለኝ በሹክሹክታ። "ራሳቸው ናቸው የቀሩት። ዝም በይ።"

ዝም ብል ደግሞ የት እንደ ቀሩ የሚያውቅ የለም። ሴትዮዋ ፊት ቆሜ፣ "ጅብራ ቆጥሬ ነው ሞልተዋል ያልኩሽ። ጉሙ ሲወርድ አጠገባችን ነበሩ፤ ቦታውን አውቀዋለሁ" አልኳት። አስተርጓሚው ሲነግራት እኔ መሬት መሬት አያለሁ።

አልጮኸችም። ልጄንና በቅሎዎቹን ለቄሱ ትተን ሌሎቻችን ተመለስን። ጉሙ ውስጥ ስንገባ በየርቀቱ አንድ አንድ ሰው አቆመች፤ እያንዳንዱ ከኋላው ያለውን እየጠራ፣ ድምፅ እንደ ገመድ ተዘረጋ። መጨረሻ ላይ እኔና እሷ ብቻ ቀረን። እሷም ቆመችና እጇን ወደ ፊት ዘረጋችልኝ፤ ቦታውን የማውቅ እኔ ነኝ።

ገባሁ። ጅብራው ብዙ ነው፤ ሁሉም ሰው ይመስላል። ዓይኔን አላመንኩትምና እያንዳንዱን በእጄ መንካት ጀመርኩ። እርጥብ ነው፣ ሻካራ ነው፣ ሰው አይደለም። የሚቀጥለውም። የሚቀጥለውም። በመጨረሻ የያዝኩት ጨርቅ ሆነ።

ሽማግሌው ደብተራቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈው፣ የጉም ጠብታ ቅንድባቸው ላይ ነጥቶ፣ ቀጥ ብለው ቆመዋል። አንድ እርምጃ አልሄዱም። ትንሽ ራቅ ብሎ ገደሉ ነበር። እጅጌያቸውን ይዤ "አሉ! አሉ!" ብዬ ጮህኩ፤ ድምፄ ከሰው ወደ ሰው ሲሄድ ሰማሁት።

ሴትዮዋ ሽማግሌውን አቀፈች፤ ቀጥላ እኔን። እኔ አለቅስ ነበር። አንድ ነገር አለችኝና አስተርጓሚውን ስንደርስበት ደገመችለት።

"እኔም አንድ ጊዜ በሌላ አገር ተራራ ላይ ድንጋይ ቆጥሬአለሁ፣ ትላለች።"

ይህን ያለችው አብረዋት የመጡት ሁሉ እየሰሙ ነው። ያን ያህል ሰው ይዞ የሚሄድ አለቃ ስሕተቱን እንዲህ ሲናገር ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም።

በቅሎዎቹ ዘንድ ስንደርስ ልጄ ሮጣ ቀሚሴ ውስጥ ገባች። ቄሱ አማተቡ። መንገድ ልንጀምር ስንል ግን ባለቤቴ አላንቀሳቅስ አለ። በመካከላችን እየዞረ የእያንዳንዱን ሰው ትከሻ በመዳፉ መታ መታ ያደርጋል፤ የሽማግሌውን ሁለት ጊዜ። ቄሱ ጋ ሲደርስ አመነታ።

"ቁጠር እንጂ" አሉት ትከሻቸውን ዝቅ አድርገው።

"አሥራ አንድ!" አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ።

ከዚያ ወዲህ በዓይኔ ብቻ ቆጥሬ አላውቅም። ልጆቼ ዛሬ የልጆች እናትና አባት ሆነው ሲመጡ በር ላይ እጄን በየራሳቸው ላይ አሳርፋለሁ። ምርቃት ይመስላቸዋል፤ ትልቋ ብቻ ታውቃለች።